ትንሹን አይሮፕላን በትልቁ መመዘን

(የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሐዋሳ ፒያሳ በተከበረበት ዕለት የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



 የንግግራችን ርእስ ከራሳችሁ በላይ በሲባጎ ተንጠልጥሎ የምታዩት ትንሽ ጄት አይሮፕላን ነው። ይኸውም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያበርራቸው አንዱ የሆነው የቦይንግ 787-8 ተገጣጣሚ ሞዴል ነው። ሞዴሉ በቅርቡ ለገበያ የወጣ ነው። የሠራውን ኩባንያ ስም ግን አንጠራም፤ የቆምነው ለመክሰስም ሆነ ዕቃውን ለማሻሻጥ አይደለምና። ልንመልስ የተነሣነው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሞዴል እውነተኛውን አይሮፕላን ምን ያህል ይመስላል? መምሰሉንስ በምን እናውቃለን?

ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ አይደለም። ለሞዴሉ መግዣ ወላጆቻችን ከኪሳቸው አዋጥተዋል። ከበዓሉ በኋላም በፊዚክስ ክፍላችን ውስጥ ተሰቅሎ ለታናናሾቻችን ማስተማሪያ ይሆናል። ከእነርሱ ብዙዎቹ 787ን በሰማይ ሲያልፍ ካልሆነ በቀር ከቅርብ አይተውት አያውቁም። ስለዚህ ይህ ፕላስቲክ የሚነግራቸውን ሁሉ እውነት ነው ብለው ይቀበላሉ። ከሥሩ «ቦይንግ 787-8» ብለን ጽሑፍ ስንለጥፍ ቃል መስጠታችን ነው። ቃላችን የተሳሳተ ቢሆን የሚታለሉት ከእኛ በኋላ የሚመጡት ናቸው።

አገራችን ከመንገደኞች ጄት ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በባለ ፕሮፔለር አይሮፕላን ወደ ካይሮ በመብረር ሥራውን ጀመረ፤ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉትን ጄቶች አስገባ፤ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ 787ን ተረከበ። እንግዲህ በአምሳሉ ላይ የምንፈርድበት አይሮፕላን የራሳችን ታሪክ ክፍል ነው። ስለ ራሳችን ነገር ሌሎች በሳጥን አሽገው የላኩልንን ምስል ሳንመረምር መቀበል አይገባንም።

ገንዘቡ በሚዋጣበት ጊዜ ከወላጆቻችን አንዱ «ልጆቼ፣ መጫወቻ አይሮፕላን እኮ በፒያሳ ሱቆች ሞልቷል፤ ይህ ከዚያ በምን ይለያል?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መጫወቻው አይሮፕላንን ይመስላል እንጂ የትኛውንም አይሮፕላን አይመስልም፤ ክንፉ ቢያጥር፣ አፍንጫው ቢወፍር የሚከራከረው የለም። ሞዴል ግን በሳጥኑ ላይ የአንድ የታወቀ አይሮፕላን ስም ይዞ፣ ከስሙም አጠገብ ቁጥር ጽፎ ይመጣል። በእኛ ሳጥን ላይ የተጻፈው 1 ለ144 የሚል ነው። ትርጉሙም እውነተኛው አይሮፕላን በርዝመቱም፣ በስፋቱም፣ በከፍታውም 144 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። ነገሩ እንዲገባን በምናውቀው እንመስለው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 የሆነ ሰው በዚህ ልክ ቢያንስ 12 ሚሊሜትር ይሆናል፤ 2 ሜትር ከ60 የምትረዝመው የፒያሳ ባጃጅም 18 ሚሊሜትር ያህል ትሆናለች።

ሳጥኑ እንደ ተከፈተ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ገሚሶቹ «ውብ ነው፤ ይሰቀል» አሉ። ሌሎቹ ጉድለት እንዳለበት አይተው «ስሕተት ያለበት ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ ሊሰቀል አይገባውም» አሉ። አባቶቻችን «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ይላሉ፤ ነገር ግን ሲያዩት ያማረ ሁሉ ሲበሉት ይጣፍጣል አላሉም። ስለዚህ ውበቱንም ጉድለቱንም ለጊዜው ወደ ጎን ትተን፣ በደንብ እንዳኝ ብለን ተስማማን። የመጀመሪያው ደንባችን ማጣበቂያ ከመቀባት በፊት መለካት ነው። ክፍሎቹን ከፍሬማቸው ቆርጠን፣ ጠርዛቸውን በሞረድ አስተካክለን፣ በወረቀት ፕላስተር ብቻ አያያዝናቸው። አንድ ጊዜ ከተጣበቀ በኋላ ሰው የሚከራከረው ስለ ሞዴሉ ሳይሆን ስለ ድካሙ ይሆናልና።

ሁለተኛው ደንባችን ሞዴልን በሞዴል አለመመዘን ነው። መለኪያው የእውነተኛው አይሮፕላን ልክ መሆን አለበት፤ ያንንም ሠሪው ራሱ አሳትሞ አውጥቶታል። የቦይንግ 787-8 ርዝመት 56 ሜትር ከ72 ሳንቲሜትር፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ያለው ስፋት 60 ሜትር ከ12 ሳንቲሜትር፣ የአካሉ ወርድ 5 ሜትር ከ77 ሳንቲሜትር፣ ከመሬት እስከ ጭራው ጫፍ ያለው ከፍታ 16 ሜትር ከ92 ሳንቲሜትር ነው። እነዚህ ለ144 ሲካፈሉ ርዝመቱ 394 ሚሊሜትር፣ የክንፉ ስፋት 417 ሚሊሜትር ተኩል፣ ወርዱ 40 ሚሊሜትር፣ ከፍታው 117 ሚሊሜትር ተኩል መሆን አለበት።

የለካነውም እንዲህ ሆነ። ርዝመቱ 393 ሚሊሜትር፣ የክንፉ ስፋት 417፣ ወርዱ 40 ነው። እስከዚህ ድረስ ሞዴሉ ነፃ ወጣ። ከፍታው ግን 114 ሆነ፤ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ጎደለ። በሞዴሉ ላይ አንድ ሚሊሜትር በእውነተኛው ላይ 14 ሳንቲሜትር ከ4 ሚሊሜትር ስለሚሆን ጉድለቱ ከግማሽ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ምክንያቱን ስንፈልግ ጎማዎቹን የሚሸከሙት እግሮች አጥረው አገኘናቸው።

ስለ አንድ ሚሊሜትሩ የርዝመት ጉድለት ለምን እንዳልፈረድን ትጠይቁን ይሆናል። የእኛ ማስመሪያ የሚከፋፈለው በሚሊሜትር ነው፤ ዓይናችንም ከዚያ በታች ያለውን በእርግጠኝነት አይለይም። ዳኛ ሚዛኑ በማይደርስበት ነገር ላይ መፍረድ የለበትም። ጉድለቱ የሞዴሉ ይሁን የማስመሪያችን ወይም የእጃችን፣ መለየት ያልቻልነውን ለተከሳሹ ጥቅም አሳለፍነው።

ታዲያ ርዝመቱ ከተስማማ ሌላው ለምን ይለካል? ፒያሳ ልብስ የሚሰፉልን ባለሙያ ሱሪ ሲለኩ ቁመቱን ብቻ ለክተው ሜትራቸውን አይጠቀልሉም፤ ወገቡንም፣ ዳሌውንም ይለካሉ። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች አንድ ሱሪ ላይበቃቸው ይችላል። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ያበረራቸው ሁለት የጦር ጄቶች፣ ኤፍ-5ኤ እና ኤፍ-5ኢ፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆኑናል። የመጀመሪያው ርዝመት 14 ሜትር ከ38፣ የሁለተኛው 14 ሜትር ከ45 ነው። በ1 ለ72 ሲሠሩ ልዩነታቸው አንድ ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሆን ርዝመት የለካ ሰው አንዱን በሌላው ስም ሊጠራው ይችላል። የክንፋቸው ስፋት ግን 7 ሜትር ከ70 እና 8 ሜትር ከ13 ነው፤ በሞዴል ላይ ልዩነቱ ስድስት ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ይህንንም ማንኛውም ተማሪ በማስመሪያው ያገኘዋል።

በ787 ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አየር መንገዳችን 787-8ንም 787-9ንም ያበርራል። የሁለቱ ክንፍ ስፋት አንድ ሲሆን 787-9 ርዝመቱ 62 ሜትር ከ81 ነው። እዚህ ላይ ክንፍ ብቻ የለካ ይሳሳታል። ለታናናሾቻችን ግን ማስመሪያ እንኳ የማያስፈልገው መለያ እንነግራቸዋለን፤ በ787-8 ክንፉ ከአካሉ ይረዝማል፤ በ787-9 አካሉ ከክንፉ ይረዝማል። አንድ ክር ወስዶ ሁለቱን ማመሳከር ይበቃል። ስኬሉ ምንም ቢሆን ይህ ንጽጽር አይለወጥም፤ ስለዚህም የመጠንን ስሕተት ከቅርጽ ስሕተት ለመለየት ይረዳል።

ከልኩ ቀጥሎ ወደ ቅርጹ ተሻገርን። ለዚህ የእውነተኛውን አይሮፕላን ፎቶግራፎች ከልዩ ልዩ አቅጣጫ ሰብስበን አመሳከርን። አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ምስክር አይሆንም፤ ከአፍንጫው አጠገብ ቆሞ የተነሣ ሥዕል አፍንጫውን አግዝፎ ጭራውን ያሳንሳልና። በብዙ ምስክሮች ቃል መሠረት የፊት መስታወቶቹ እንደሚገባ አራት ሆነው ተገኙ። በ737 እና በ777 ላይ ስድስት በመሆናቸው ይህ ጥሩ መለያ ነው። የክንፉ ጫፍም ወደ ላይ የቆመ ተቀጥላ ሳይኖረው ወደ ኋላ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ይህም ትክክል ነው። አካሉ ልሙጥ ነው፤ የብሎንና የሚስማር ረድፍ አልተነቀሰበትም። ይህንን አንዳንዶቻችን ጉድለት መስሎን ነበር የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ቀላል ነው፤ ከ787 ክብደት ግማሽ ያህሉ በዋነኛነት ከካርቦን ፋይበር በተሠሩ ድብልቅ ቁሶች የተያዘ ነው፤ አካሉም እንደ በርሜል ሙሉ ክብ በሆኑ ትልልቅ ክፍሎች ተሠርቶ ይገጣጠማል። በአሮጌ የአሉሚኒየም አይሮፕላን ላይ የምናየውን የሚስማር ረድፍ እዚህ መፈለግ አይገባም።

ክንፉን በተመለከተ ግን ከባድ ነገር አገኘን። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አባ ኮዳን ያላየ የሐዋሳ ልጅ የለም። መሬት ላይ ሲቆም ክንፉን ሰብስቦ እንደ ሽማግሌ ይቆማል፤ ከሐይቁ በላይ ሲያንዣብብ ግን አየሩ ተሸክሞት የክንፉ ጫፍ ወደ ላይ ይቀለበሳል። የ787 ክንፍም ረጅምና ተለማጭ ስለሆነ እንዲሁ ነው። መሬት ላይ በክብደቱ ዝቅ ይላል፤ በበረራ ጊዜ አካሉን ተሸክሞ ወደ ላይ እንደ ቀስት ይጎብጣል። የእኛ ሞዴል ክንፉ በበረራ ላይ እንዳለ ጎብጦ ተሠርቷል፤ የመሥሪያው መመሪያ ግን ጎማውን አውርዳችሁ አቁሙት ይላል። መሬት ላይ ቆሞ የሚበር አይሮፕላን የለም። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ትክክል ሆኖ ሳለ ሁለቱ ሲገናኙ ሐሰት ሆኑ።

ሁለተኛው ጉድለት በሞተሩ ላይ ነው። የ787 የሞተር ሽፋን የኋላ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ነው። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ከሞተሩ የሚወጣው ፈጣን አየር ከውጭው አየር ጋር የሚደባለቅበትን መንገድ በማስተካከል ጩኸቱን ይቀንሳል። በሞዴሉ ላይ ግን ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ ጥርሶቹ የሉም።

ሦስተኛውን ጉድለት ያገኘው ካሊፐርም ፕሮትራክተርም አይደለም። በአካሉ ጎን ከሚለጠፉት ምልክቶች ላይ «የኢትዮጵያ» መባል የነበረበት ቃል «የኢትዮጰያ» ተብሎ ታትሟል። የአንዲት ጭረት ጉድለት ናት። በውጭ አገር ያለ የሞዴል አዋቂ፣ በሺሕ የሚቆጠር ሞዴል የሠራ ቢሆን እንኳ፣ ፊደሉን ካላወቀ ይህን አያየውም። ፊደል የቆጠረ የሐዋሳ ሕፃን ግን ገና ሲያነበው ይስቃል። ከዚህም የተማርነው አንድ ነገር አለ፤ መሣሪያው የተሟላለት ሁሉ ነገሩን ሁሉ አያይም፤ እኛም ለፍርድ የሚበቃ የራሳችን እውቀት አለን።

እንግዲህ ጉድለቶቹ በፊታችን ተደረደሩ። የትኛው ነው ከባዱ? በሚሊሜትር ብንመዝን የእግሮቹ ማጠር ይከብዳል፤ የሞተሩ ጥርስና የፊደሉ ጭረት ከሚሊሜትር ብዙም አያልፉምና። እኛ ግን ሌላ ሚዛን መረጥን። ጉድለቱ ምን ያህል ትልቅ ነው ሳይሆን፣ ለተማሪው ምን ሐሰት ያስተምረዋል ብለን ጠየቅን። በሞዴሉ ላይ ያሉትን የበር መስመሮች እንውሰድ። የመስመሩ ስፋት አንድ ሦስተኛ ሚሊሜትር ቢሆን በእውነተኛው ላይ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ በር ያለው አይሮፕላን አይበርም። ነገር ግን መስመሩ በትክክለኛ ልኩ ቢሠራ ዓይን አያየውም፤ ተማሪውም በር መኖሩን አያውቅም። ይህ ጉድለት እውነትን ለማሳየት የተደረገ ስለሆነ ይቅር አልነው። የሞተሩ ጥርስ አለመኖር ግን አንድን አሠራር ከነምክንያቱ ይደብቃል። ስለዚህ ትንሽ ሆኖ ሳለ ከባድ ነው።

የሞዴል ትክክለኛነት የሰው ሕይወት የሚያድንበት ጊዜ እንደ ነበረም ልናስታውስ እንወዳለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለአገሩ ተማሪዎች ጥሪ አደረገ። ከ50 ዓይነት አይሮፕላኖች ከየዓይነቱ 10,000፣ በድምሩ 500,000 ሞዴሎች ሠርተው እንዲያቀርቡ ጠየቀ። ስኬላቸው 1 ለ72 ነበር። ዓላማውም ወታደሮች የወዳጅንና የጠላትን አይሮፕላን በቅርጹ ለይተው እንዲያውቁ ማስተማር ነው። በዚያ ስኬል የተሠራ ሞዴል ከአሥር ሜትር ሲታይ እውነተኛው አይሮፕላን ከ720 ሜትር እንደሚታየው ሆኖ ይታያል። ክንፉን አሳስቶ የቀረጸ ተማሪ ወታደሩን በወገኑ ላይ እንዲተኩስ ሊያስተምረው ይችል ነበር። እነዚያ ልጆች እንደ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ፤ በእጃቸው ባለው እንጨት ላይ የሌላ ሰው ነፍስ ተንጠልጥላ ነበር።

አሁን ወደ ፍርዳችን እንመለስ። ሞዴሉን አንጣለው፤ እንዳለም አንቀበለው አልን። በመጀመሪያ የመመሪያውን ትእዛዝ ትተን ጎማዎቹን ወደ ውስጥ አስገብተን በሮቻቸውን ዘጋን፤ ሞዴሉንም በሲባጎ ሰቀልነው። ከራሳችሁ በላይ የምታዩት ስለዚህ ነው። አይሮፕላኑ በበረራ ላይ ሲሆን የጎበጠው ክንፍ እውነተኛ ሆነ፤ ያጠሩት እግሮችም ከክርክሩ ወጡ። ቀጥለን በቀጭን ብሩሽ ጫፍ የጎደለችውን ጭረት በፊደሉ ላይ ጨመርን። የሞተሩን ጥርስ ግን በሞረድ ለማውጣት አልሞከርንም፤ በግምት የወጣ ጥርስ ከሌለ ጥርስ ይልቅ ያሳስታልና።

ከሞዴሉ ሥር በትልቅ ፊደል የጻፍነው ጽሑፍ ይህን ይላል። «ቦይንግ 787-8፤ ስኬሉ 1 ለ144። ርዝመቱ፣ የክንፉ ስፋትና የአካሉ ወርድ ተለክቶ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። በበረራ ላይ ያለውን ያሳያል እንጂ የቆመውን አያሳይም። የአገራችን ስም ፊደል በተማሪዎች እጅ ታርሟል። በሞተሩ ሽፋን የኋላ ጠርዝ ላይ መኖር ያለባቸው ጥርሶች የሉም፤ ለምን እንደሚያስፈልጉ መምህርህን ጠይቅ።»

አንዳንድ ወዳጆቻችን «በበዓል ቀን፣ ገንዘብ ባዋጡ ወላጆች ፊት፣ የራስን ዕቃ ጉድለት ጽፎ መለጠፍ ምን ይባላል?» ብለውናል። እኛ ግን ወላጆቻችን ገንዘባቸውን የሰጡት ለመደነቅ ሳይሆን ልጆቻቸው እንዲያውቁ ነው ብለን እናምናለን። ጉድለቱ የተጻፈበት ሞዴል ጉድለቱ ከተደበቀበት ይልቅ ብዙ ያስተምራል። ያለዚያ ጽሑፍ ታናሽ ወንድማችን አይሮፕላኑን አይቶ ያልፋል፤ በጽሑፉ ግን ቆሞ ሞተሩን ይመለከታል፤ የሌለውንም ፈልጎ ይጠይቃል።

ከመካከላችን የአቪዬሽን ትምህርት ለመማር የሚመኙ አሉ፤ ሐኪም፣ መሐንዲስና መምህር ለመሆን ያሰቡም አሉ። በየሄድንበት ሁሉ ሥዕል፣ ካርታ፣ ሪፖርት፣ ቁጥር ይቀርብልናል፤ እያንዳንዱም የአንድ ትልቅ እውነት ትንሽ ሞዴል ነው። ማማሩን ብቻ አይተን አንቀበለው፤ አንድ ስሕተት ስላገኘንበትም ሁሉን አንጣለው። ከእውነተኛው ጋር እናመሳክረው፤ ሚዛናችን እስከሚደርስበት እንፍረድ፤ የጎደለውንም ለሚከተሉን ጽፈን እንተው።

ታናናሾቻችን ሆይ፣ ሞዴሉን ከነገ ጀምሮ እናንተ ትረከቡታላችሁ። ማስመሪያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እኛ ትክክል ነው ያልነውንም ደግማችሁ ለኩት። የሞተሩን ጥርስ በእርግጠኛ ልክ ለመሥራት የሚያስችል ሥዕልና መሣሪያ ያገኘ ትጉ ተማሪ ከእናንተ መካከል ቢነሣ ይሥራው፤ ከጽሑፋችን ላይ ያንን መስመር ሰርዞ ስሙን በቦታው ይጻፍ።